ከወሎ ሆኖ በስልክ መሸጥ፦ ደጋግማችሁ የምትጠይቁኝ ጥያቄዎች

ጋቢና ማር በቴሌግራም መሸጥ ከጀመርኩ ወዲህ «እኛም ልንጀምር አስበን ነበር፣ ግን...» የሚል መልእክት ሳይመጣልኝ የሚውልበት ቀን ጥቂት ነው። ከደሴ፣ ከኮምቦልቻ፣ ከሐይቅ፣ ከወልዲያ ትጽፋላችሁ። ለእያንዳንዳችሁ ስመልስ ጣቴ ስለደከመ የሚደጋገመውን እዚህ ሰብስቤዋለሁ። የንግድ ትምህርት አልተማርኩም። የማውቀው ሸጬና ከስሬ ያየሁትን ነው።

ገበያ ወጥቼ ለዓመታት ሸጫለሁ። በስልክ መሸጥ ምን የተለየ ነገር አለው?

ባቲ ሰኞ ገበያ ላይ ቅቤ የምትገዛ ሴት አይታችሁ ታውቃላችሁ? ዋጋ ከመጠየቋ በፊት በጣቷ ጫር ታደርግና ታሸታለች። ከዚያ የእጇ ጀርባ ላይ ቀብታ ታየዋለች። ማር ከሆነ ትቀምሳለች። ጋቢ ከሆነ ወደ ፀሐይ ዘርግታ፣ ሳሳ ያለውን ቦታ አግኝታ «ይቺስ ምንድን ናት?» ትላለች። ጉድለቱን ራሷ አገኘችው፣ ዋጋ አስቀነሰችበት፣ ገዛች። አይታ ስለገዛች ቤቷ ገብታ አትቆጭም።

በስልክ ግን እጅም አፍንጫም የለም። ገዢው ጉድለቱን የሚያገኘው ከከፈለ በኋላ፣ ያውም አዲስ አበባ ቤቱ ካርቶኑን ሲፈታ ነው። ገበያ ላይ ጉድለት የነበረው እዚያ ሲደርስ ማታለል ይባላል። ስለዚህ የገዢዋን የእጅ ሥራ እናንተ ትሠሩላታላችሁ። ታሸቱላታላችሁ፣ ትዘረጉላታላችሁ፣ «ይቺስ ምንድን ናት?» የሚለውንም ቀድማችሁ ትናገራላችሁ። እኔ ለሌላው ጥያቄ ሁሉ መልስ የማገኘው ከዚህ ተነስቼ ነው።

ጥሩ ካሜራ የለኝም። ፎቶ እንዴት ላንሳ?

የያዛችሁት ስልክ ይበቃል። የሚያስፈልገው ብርሃን ነው። ጠዋት ከ2 እስከ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ መስኮት አጠገብ ወይም በረንዳ ላይ፣ ፀሐይ በቀጥታ በማይመታው ቦታ አንሱ። የደሴ ጭጋግ አያስፈራችሁ፤ ብርሃኑን ያለሰልሰዋል እንጂ አያበላሸውም። ፍላሽ አጥፉ። ማሳመሪያ ፊልተር ለራሳችሁ ፎቶ ይሁን።

የራሴን ልንገራችሁ። መጀመሪያ ሰሞን አንድ ጋቢ ማታ ማታ በቢጫ አምፖል ሥር አነሳሁ። ፎቶው ላይ ክሬም መሰለ። አንዲት ደንበኛ «ክሬሟን ነው የምፈልገው» ብላ ለአማቷ አዘዘች። የደረሳት ወተት የመሰለ ነጭ ጋቢ ነው። ጋቢው አንድ ነገር አልጎደለውም፣ ግን እሷ ያዘዘችው አይደለም። መልሳ ላከችው። የሁለቱንም ጉዞ ሂሳብ ቻልኩ። አምፖሉ እኔ ቤት ነዋ!

አሁን ለአንድ ጋቢ 5 ፎቶ አነሳለሁ። ሙሉውን ዘርግቼ፣ ጥለቱን በቅርብ፣ ጫፉን፣ ጉድለት ካለው ጉድለቱን። አምስተኛው እጄን ከጋቢው ሥር አድርጌ የማነሳው ነው። ጣቶቼ በውስጡ ከታዩ ሳስቷል ማለት ነው፤ ካልታዩ ደርቧል። ይቺን ፎቶ ከጨመርኩ ወዲህ «ወፍራም ነው?» የሚለኝ ሰው ቀንሷል።

ከሌላ ሰው ቻናል ፎቶ አንስቶ የራስ አስመስሎ መለጠፍ ነውር ነው። ከነውርነቱ ሌላ ያንን ዕቃ በእጃችሁ አልያዛችሁትም፤ ታዲያ ስለምኑ ልትመልሱ ነው?

መግለጫው ላይ ምን ልጻፍ? «ምርጥ ጥራት ያለው» ብል አይበቃም?

አይበቃም። ሁሉም «ምርጥ» ብሎ ስለሚጽፍ ቃሉ አልቆበታል። ሊለካ የሚችለውን ጻፉ።

መለኪያ ስል ደግሞ ክንድ ማለቴ አይደለም። ከክርን እስከ ጣት ጫፍ የኔ ክንድ ሌላ፣ የሸማኔው ክንድ ሌላ። በእሱ 5 የሆነው በኔ 5 ተኩል ይወጣል። ገበያ ላይ ገዢው በራሱ ክንድ ስለሚለካ ችግር የለም። ስልክ ላይ ሜትር ብቻ።

ባለፈው የለጠፍኩትን እንዳለ ላሳያችሁ (ድር በቁመት የሚዘረጋው ክር ነው፣ ማግ ደግሞ በአግድም የሚገባው)፦

«ድርብ ጋቢ። ድሩ የፋብሪካ ክር፣ ማጉ የእጅ ፈትል። ርዝመቱ 2.60 ሜትር፣ ስፋቱ 1.50 ሜትር። ጥለቱ አረንጓዴና ወርቃማ። አልታጠበም፤ ሲታጠብ ትንሽ ይሰበሰባል። በአንዱ ጥግ በኩል የጣት ጥፍር የምታህል ክር የተቋጠረችበት ቦታ አለች፣ ፎቶ 4 ላይ ትታያለች። ዋጋው 3,500 ብር። የመላኪያ ሂሳብ አይጨምርም። ያለኝ አንድ ብቻ ነው።»

ሁለት ነገር አስተውሉ። «ማጉ የእጅ ፈትል» ማለትና «የእጅ ፈትል» ማለት አንድ አይደለም። ሁለተኛው ድሩንም ይጨምራል። ፈትል የሚያውቅ ገዢ ድሩን ሲነካ ያውቀዋል፤ ከዚያ ወዲያ የምትሉትን አያምንም። ሌላዋ ያቺ የተቋጠረች ክር ናት። ጓደኛዬ «ለምን ታወሪያለሽ፣ ማን ያያታል?» አለችኝ። ያው ጋቢ በማግስቱ ተሸጠ። ገዢዋ የጻፈችልኝ «ይቺን ከነገርሽኝ ሌላም የደበቅሽው አይኖርም» ብላ ነው።

ማር እሸጣለሁ። ረግቶ ሲደርስ «ስኳር ነው» እያሉ ይመልሱብኛል። ምን ላድርግ?

ይሄ ጥያቄ ከላስታም ከዋግም በኩል ይመጣል፤ የነጩ ማር አገር ነውና። አብሽሩ። ማር መርጋቱ ተፈጥሮው ነው። ውስጡ ካሉት ሁለት ዋና ዋና የስኳር ዓይነቶች አንዱ፣ ግሉኮስ የሚባለው፣ እየጠጠረ ሲሄድ ማሩ ይረጋል። ግሉኮሱ የበዛበት ማር ቶሎ ይረጋል። ብዙ ማር ደግሞ ቶሎ የሚረጋው 14 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ባለ ቅዝቃዜ ነው። የደሴ ጓዳ ማለት ይሄው ነው። መርጋቱ ብቻውን ስኳር ተጨምሮበታል አያሰኝም፤ ንጹሕ ነው ብሎም አይመሰክርም።

ገዢው ይህን ካልነገራችሁት አያውቅም። ስለዚህ ከመላካችሁ በፊት ተናገሩ። እኔ በየጠርሙሱ ላይ ትንሽ ወረቀት እለጥፋለሁ፦ «ይህ ማር ይረጋል። ለማቅለጥ ጠርሙሱን ለብ ባለ ውሃ ውስጥ ያቁሙት። እሳት ላይ አይጣዱት።» ወረቀቱን መለጠፍ ከጀመርኩ በኋላ አንድም ማር አልተመለሰብኝም።

ሌላው የማር ጭቅጭቅ ኪሎና ሊትር ነው። ማር ከውሃ ይከብዳል። አንድ ሊትር ማር 1.4 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። «አንድ ኪሎ» ብላችሁ ስትልኩ የሊትሩ ጠርሙስ አይሞላም፤ ገዢው ደግሞ «ጎደለ» ብሎ ይጮኻል። ያላችሁት በኪሎ ከሆነ ሚዛን ላይ አስቀምጣችሁ ቁጥሩ እንዲታይ አንሱት። በሊትር ከሆነም ሊትር ብላችሁ ጻፉ።

እርጥበት ያለው ማር ደግሞ ይቦካል። ኮዴክስ የሚባለው ዓለም አቀፍ የምግብ ደረጃ ለአብዛኛው ማር ከ20 በመቶ በላይ ውሃ አይፈቅድም። መለኪያው ከሌላችሁ ሲቆረጥ በደንብ ያልበሰለውን ማር ለሩቅ ደንበኛ አትላኩ። አምስት ቀን መንገድና ጓዳ ሲቆይ ክዳኑን ይገፋዋል።

«ለስኳር በሽታ ፍቱን» የምትሉትን ነገር ተዉ። ሰው ያምናችኋል፣ ከዚያ ይታመምባችኋል። ይልቅስ ከአንድ ዓመት በታች ላለ ሕፃን ማር እንደማይሰጥ ጻፉ። ማር ውስጥ ሊኖር የሚችል ተህዋስ ሕፃናትን ክፉኛ ይመርዛል።

ዋጋውን ልለጥፍ ወይስ «በኢንቦክስ» ልበል?

ለጥፉ። ይሄ ላይ አልደራደርም። «ዋጋ በኢንቦክስ» ሲባል እኔ ራሴ የምሰማው «አይቼሽ ነው የምነግርሽ» የሚለውን ነው። የደንበኛው ፕሮፋይል ላይ ውጭ አገር የተነሳ ፎቶ ካለ ዋጋው ይወጣል፤ ሁላችንም እናውቀዋለን። ማድረሻው ስንት እንደሆነ፣ ዋጋው ውስጥ መግባት አለመግባቱንም አብራችሁ ጻፉ። 5,000 ብር የነበረ አስመስሎ «ዛሬ ብቻ 3,500» ማለትም ቅናሽ አይደለም፣ ውሸት ነው። ደንበኛ ቻናሉን ወደ ላይ ስቦ የድሮውን ዋጋ ያያል።

«መጨረሻው ስንት ነው?» ለሚለኝ ምን ልመልስ?

መጠየቁ አያስቀይማችሁ። ወሎ ውስጥ ሳይከራከር የገዛ ሰው ቤቱ ሲገባ ይጠየቃል። እኔ የምቀንሰው በምክንያት ነው፦ ሁለት ከገዛ፣ ራሱ መጥቶ ከወሰደ። ከዚያ ውጪ «ወላሂ የተጻፈው ነው፣ ለሁሉም እኩል ነው» እላለሁ። ለአንዱ በድብቅ ከቀነሳችሁ ነገ እሱና በሙሉ ዋጋ የገዛችው አንድ ሠርግ ቤት ይገናኛሉ። ደሴ ትንሽ ናት።

ገዢው የባንክ ስክሪንሾት ላከልኝ። ዕቃውን ልስጠው?

እንዳትሰጡት! ሁለት ጋቢ ያስረከብኩት በዚህ ነው። ዓርብ ማታ ነበር። ስክሪንሾቱ ላይ ስሜ አለ፣ ብሩ አለ፣ ቀኑ አለ። የላከው ልጅ ባጃጅ ይዞ በር ላይ ቆሟል። «ኔትወርክ ነው፣ ይገባልሻል» አለኝ። ሰጠሁት። እስከ ዛሬ አልገባም።

ስክሪንሾት በስልክ የሚሠራ ሥዕል ነው። የሚታመነው የራሳችሁ ሂሳብ ነው። መተግበሪያውን ከፍታችሁ ቀሪ ሂሳባችሁን እዩ፣ ወይም በቴሌብር *127#፣ በንግድ ባንክ *889# ደውላችሁ አረጋግጡ። መልእክት መጣ ብላችሁም አትቸኩሉ። የቴሌብር መልእክት ከ127 ነው የሚመጣው። ከመደበኛ የሞባይል ቁጥር «ገቢ ሆኖልዎታል» የሚል ጽሑፍ ከመጣ ሌባ ነው የጻፈው። «በስህተት አብልጬ ልኬያለሁ፣ ትርፉን መልሺልኝ» ለሚልም መልሱ ያው ነው፦ መጀመሪያ ሂሳባችሁን እዩ።

የሚስጥር ቁጥርና በስልክ የሚመጣ ኮድ ለማንም አይነገርም። ገንዘብ ለመቀበል ኮድ አያስፈልግም።

እውነተኛ ደንበኛ ቢያስጠብቁት አይቀየምም። «አንድ ደቂቃ፣ ላረጋግጥ» ስትሉት ከተቆጣ እሱ ራሱ መልስ ነው።

ቀብድ መቀበል እችላለሁ?

ትችላላችሁ፣ ለትእዛዝ ሥራ ጥሩ ነው። ሸማኔ ጋ ልዩ ጥለት ካሠራችሁ በኋላ ገዢው ቢጠፋ ዕቃው ይተርፋችኋል። ግን ቀብድ እናንተንም ያስራል። በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር፣ ሰጪው ውሉን ከተወ ቀብዱ ይቀርበታል፤ ተቀባዩ ከተወ ደግሞ እጥፉን ይመልሳል ይላል። 1,000 ብር ቀብድ ተቀብላችሁ፣ ሌላ ሰው አስበልጦ ሲመጣ ለሱ ብትሸጡት 2,000 ትመልሳላችሁ። ይህን የሚያውቅ ሻጭ ብዙ አይደለም። ገዢዎች ግን አባቶቻቸው ነግረዋቸዋል።

ቀብዱ ስንት እንደሆነ፣ ዕቃው መቼ እንደሚደርስ፣ ቢዘገይ ምን እንደሚሆን በጽሑፍ ተለዋወጡ። የቴሌግራም መልእክት ይበቃል። በስልክ ከተነጋገራችሁ ቁጭ ብላችሁ «እንደተነጋገርነው...» ብላችሁ ጻፉለት።

ወደ አዲስ አበባ ዕቃ በአውቶቡስ ስልከው ይሰበራል፣ ይፈሳል፣ ይጠፋል። መላው ምንድን ነው?

መንገዱን አስቡት። 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከደሴ ብርድ ተነስቶ ኮምቦልቻ ሲወርድ ይሞቃል። ከሚሴን አልፎ ሸዋ ሮቢት ሲደርስ ያቃጥላል። ከዚያ ጣርማበርን ይወጣና ደብረ ብርሃን ላይ እንደገና ይቀዘቅዛል። ቅቤ በዚህ መንገድ ላይ ቀልጦ መልሶ ይረጋል። ስለዚህ ቅቤ አንጥራችሁ፣ ወይም በሌሊት መኪና፣ በሚጠብቅ ዕቃ ላኩ። ማሩን አፍ እስከ አፍ አትሙሉት። ክዳኑ ሥር ፌስታል አድርጋችሁ አጥብቁ፣ ጠርሙሱን በጋዜጣ ጠቅልሉ፣ ካርቶን ውስጥ አቁሙት። ካርቶኑ ውስጥ የቀረውን ክፍተት ሁሉ ሙሉት፤ ስትወዘውዙት ድምፅ ካለ አልታሸገም።

ስምና ስልክ በሁለት ቦታ ጻፉ፦ አንዱ ከውጭ፣ አንዱ ከውስጥ። ምክንያቱን ልንገራችሁ። አንድ ጊዜ ማሩ በመንገድ ላይ ፈሰሰ። የፈሰሰው ጥቂት ነው፣ ሁለት ማንኪያ አይሆንም። ግን በእስክሪብቶ የጻፍኩት ስልክ ቁጥር ላይ ነው የፈሰሰው። ረዳቱ ለማን እንደሚደውል አላወቀም። ካርቶኑ መናኸሪያ ውስጥ ሁለት ቀን አደረ። ደንበኛዬ እየደወለች፣ እኔ እየደወልኩ፣ ረዳቱ ስልኩን ዘግቶ። ከዚያ ወዲህ ከውጭ የምጽፈው በማርከር ነው፤ ላዩ ላይ የሚያሳይ ፕላስተር እለጥፋለሁ።

ስታስረክቡ የመኪናውን ታርጋና የረዳቱን ስልክ ያዙ። የታሸገውን ካርቶን ፎቶ አንስታችሁ ለገዢው ላኩለት። ውድ ዕቃ ከሆነ ደረሰኝ በሚሰጥ ማመላለሻ ወይም በፖስታ ይሂድ። ጥቂት ይወደዳል፣ ግን ክርክር ቢነሳ ወረቀት አላችሁ።

ደንበኛዬ ልመልስ አለች። የግድ ነው?

ጉድለት ካለው አዎ። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006፣ ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሸማች በገዛ በ15 ቀን ውስጥ እንዲቀየርለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ ይችላል ይላል። «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» ብሎ መለጠፍ ይህን አያስቀርም። ጉድለቱ የኔ ከሆነ የመመለሻውንም ሂሳብ እኔ እችላለሁ። ሐሳቧን ቀይራ ከሆነ ደግሞ፣ ካልታጠበና ካልተለበሰ እቀይርላታለሁ፣ የመላኪያውን እሷ ትችላለች። ይሄኛው የኔ ደንብ ነው። የእናንተ ሌላ ሊሆን ይችላል፤ ብቻ ከመሸጣችሁ በፊት ተጽፎ ይታይ።

ቤቴ ሆኜ ነው የምሸጠው። ንግድ ፈቃድ ምን ያደርግልኛል?

ቴሌግራም ላይ መሆኑ ንግድ አለመሆን አያደርገውም። በቋሚነት እየሸጣችሁ ከሆነ በምትኖሩበት ከተማ ንግድ ጽሕፈት ቤት ሄዳችሁ ጠይቁ፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥርም አውጡ። የኤሌክትሮኒክ ግብይት የራሱ አዋጅ አለው፤ ቁጥር 1205/2012። ገዢው ከማን እንደሚገዛ እንዲያውቅ ስማችሁን፣ አድራሻችሁንና ሙሉ ዋጋውን ግልጽ አድርጉ።

ከአያቴ የቀረ የብራና መጽሐፍ አለ። ውጭ አገር ያሉ ሰዎች ጠየቁኝ። ልሸጥ?

አይሆንም። ወሎ እንዲህ ያለ ነገር በየቤቱና በየደብሩ ስላለ ጥያቄው ደጋግሞ ይመጣል። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 እንዲህ ያለውን ያስመዘግባል፤ ያለ ፈቃድ ከአገር ማስወጣትም ወንጀል ነው። አጠገባችሁ ያለ የባህልና ቱሪዝም ቢሮ ወስዳችሁ አስመዝግቡት። የዛሬ ባለሙያ የሠራውን መስቀልና ሥዕል ግን ሽጡ፤ «አዲስ ሥራ» ብላችሁ ጻፉበት እንጂ አጭሳችሁ የድሮ አታስመስሉት።

የበዓል ሰሞን ትእዛዝ ይበዛብኛል። ሁሉንም ልቀበል?

የሸማኔውን እጅ ቁጠሩ። ለአረፋም ለገናም ለጥምቀትም ወሎ ሁሉም ይለብሳል፣ ሁሉም ያሠራል፤ ሸማኔው ግን ያው አንድ ነው። ትእዛዝ የምትዘጉበትን ቀን ቀድማችሁ ለጥፉ። ከዚያ በኋላ ለሚመጣ «ለበዓሉ አይደርስም» ማለት ሽያጭ ያሳጣል። ለበዓል የታዘዘ ጋቢ በበዓሉ ማግስት ከደረሰ ግን ደንበኛዋንም ታጣላችሁ።

ኢንተርኔት ቢቋረጥስ?

አይተነዋል። ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ጠፍቶ ነበር። ቻናሉ ውስጥ ብቻ የነበረው ትእዛዝ ሁሉ እዚያው ቀረ። አሁን ትእዛዝ በደብተር እጽፋለሁ፦ ስም፣ ስልክ፣ ዕቃው፣ የተከፈለው፣ የቀረው። ደንበኞቼም የሚደውሉልኝን ቁጥር ያውቃሉ። የደብተሩን ገጽ ግን ለማንም አላሳይም። የሰው ስልክና አድራሻ ነው፤ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ 1321/2016 አለበት። «ደስተኛ ደንበኞቻችን» ብላችሁ የሰው ፎቶና መልእክት ስትለጥፉም መጀመሪያ አስፈቅዱ።

መጥፎ አስተያየት ጻፉብኝ። ላጥፋው?

ስድብ ከሆነ አጥፉት። ቅሬታ ከሆነ ተዉት፣ ሥሩ መልሱበት። የአክስት ልጆች ሰብስቦ «ምርጥ ነው» ማስባልም ይታወቃል፤ ሁሉም በአንድ ቀን፣ ሁሉም በአንድ ዓይነት አጻጻፍ። የኔ ቻናል ላይ «ጋቢው ቆንጆ ነው፣ ግን ሦስት ቀን ዘገየ» የሚል አለ። ሥሩ «እውነት ነው፤ ሸማኔው ታሞ ነበር፣ ግን ደውዬ መንገር ነበረብኝ» ብያለሁ። ሁለት ዓመት ሆነው፣ አሁንም እዚያው አለ። አዲስ ገዢዎች ብዙ ጊዜ የሚጠይቁኝ ስለሱ ነው፦ «ሸማኔው ተሻለው?»